በሾዴ ስም

«ስምሽን ሲጠይቁሽ ሾዴ ጉታ ነኝ በይ። መታወቂያዋን እሰጥሻለሁ፤ ፎቶው የድሮ ነው፣ ማንም አይለይሽም። እሷ አትመጣም፤ እኔ ቤት አስቀራታለሁ።»

ሾዴ ይህን የሰማችው እሑድ ጠዋት፣ የመሮጫ ጫማዋን ማሰሪያ እያላላች ሳለ ነው። ተናጋሪው ታላቅ ወንድሟ ሶሬሳ ነበር። እሱና ሚስቱ ሉሊት በትልቁ ክፍል፣ ሾዴ በትንሹ ክፍል ያድራሉ። በመካከላቸው የጭቃ ግድግዳ አለ፤ ኮርኒሱ ግን አንድ ስለሆነ በዚያ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር በግድግዳው ላይ ተሻግሮ ይመጣል። ሶሬሳ ስልክ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ይመስለዋል። ዝቅ የሚያደርገው ግን አንገቱን ነው። ሾዴ ማሰሪያውን በጣቷ እንደጠቀለለች ደርቃ ቀረች። ስሟን ለሌላ ሰው ሲሰጡባት በጆሮዋ ሰማች፣ የሰጠው ደግሞ የአባቷን ስም የሚጋራት ወንድሟ ነው። ቀጥሎ ሉሊት በሹክሹክታ አንድ ነገር አለች፣ ሶሬሳም «ምን ላድርግ ታዲያ፣ እንዲህ ሆና ትሩጥ?» ሲል ተሰማ። እንዲህ ሆና ማለት እንዴት ሆና እንደሆነ ሾዴ ምንም አልገባትም።

ፋብሪካቸው ጉለሌ ውስጥ ካልሲ ይሠራል። የሾዴ ሥራ ከማሽን የሚወጣውን ካልሲ ማጣመር ነው፤ ካልሲ ምን ማጣመር ያስፈልገዋል የሚል ካለ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ይሞክረው። ሶሬሳ የፈረቃ ኃላፊና የስፖርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ዛሬ የአካባቢው ፋብሪካዎች ሠራተኞች ይወዳደራሉ፤ ለሴቶች አራት መቶ ሜትር ከየፋብሪካው ሁለት ሁለት ሠራተኞች ይሰለፋሉ፣ ከካልሲዎቹ የተመዘገቡት ሾዴና የማሸጊያ ክፍሏ ሰምሀል ናቸው። ዋንጫው ሦስት ዓመት ሙሉ ከቆርኪ ፋብሪካው ወጥቶ አያውቅም። ለሾዴ ግን ዋንጫው ምኗም አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ሰው ቆጥሮላት፣ ጽፎላት፣ በድምፅ ማጉያ እንዲነበብላት የምትፈልገው አንድ ቁጥር አለ። ከአንድ ደቂቃ ከአምስት ሴኮንድ በታች መሮጥ ነው የምትፈልገው።

አራት ወር የለፋችው ለዚህ ነው። ያሠለጠኗት የፋብሪካው ዘበኛ ጋሽ ዓምሃ፣ በወጣትነታቸው ለፖሊስ ቡድን አራት መቶ ሜትር የሮጡ፣ አሁን ጉልበታቸውን በቅባት እያሹ በር የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። ከእጽዋት ማዕከሉ በታች ያለውን ዳገት ስድሳ ስድሳ እርምጃ እያስሮጡ፣ በእግሯ እያስወረዱ፣ እንደገና እያስሮጡ አጥንቷን አላቀቁት። መጀመሪያ ላይ አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ነበር የምትገባው፣ አሁን አንድ ከስድስት ላይ ደርሳለች። ችግሯ ህመሙ ነበር። ሁለት መቶ ሃምሳው ሜትር ላይ ጭኗ እንደ ረጠበ ብርድ ልብስ ይከብዳል፣ ጥርሷ ይደነዝዛል፤ ያንን እየፈራች ገና ከመቶው ሜትር ጀምሮ ጉልበቷን መሸሸግ ትጀምራለች። «ህመም ሌባ አይደለም፣ ቀጠሮ አክባሪ ነው» ይሏታል ጋሽ ዓምሃ። «ብትቆጥቢም ባትቆጥቢም እዚያው ቦታ ቆሞ ይጠብቅሻል። ስለዚህ ሰላም በይውና እለፊ። ትከሻሽን ጣይ፣ መንጋጋሽን ልቀቂ፣ ክንድሽን ወደ ኋላ ምቺ። እግር የክንድ ሎሌ ነው፣ ጌታው ሲሄድ ይከተላል።» ከልምምድ ስትመለስ ግቢው ቦይ አጠገብ ጎንበስ ብላ ታስመልሳለች። ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም። የሯጭ ነውር ይመስላት ነበር።

ቁርስ ላይ ሦስቱም በትንሿ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ሉሊት ለሁሉም አንድ አንድ እንቁላል፣ ለሾዴ ግን ሁለት አቀረበች። ይህ ሁለት እንቁላል ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሾዴ የውኃ ጀሪካን ስታነሳ ሉሊት ሮጣ ትቀማታለች። በእነዚሁ ሦስት ሳምንታት ሶሬሳ ያለማንም ጥያቄ ሥራ ቦታዋ ላይ በርጩማ አስመጥቶላታል፣ ጓደኞቿም የዘመድ ነገር እያሉ አሽሙራቸውን ያወርዱባታል። ትናንት ደግሞ ሉሊት አምስት ኪሎ ገብስ ለቅማ፣ አጥባ፣ ደጅ አስጥታ ነበር። የምን ገብስ ነው ስትላት «ለገንፎ፣ ለሚመጣው እንዲሆን» ብላ ፊቷን አዞረች። ማን ነው የሚመጣው? እንግዳ መስሏት ነበር። አሁን ሶሬሳ ሻዩን በማንኪያ እያማሰለ፣ ስኳሩ ከሟሟ ከቆየ በኋላም እያማሰለ፣ ጠረጴዛውን አየና «ዛሬ አረፍ በይ፣ ሜዳ አትምጪ» አለ። ሾዴ ለምን ልትለው አፏን ከፈተች። ግን እነሱ ቤት ለምን አይባልም። ዝምታ ወርቅ ነው እየተባሉ ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ወርቁን ሲያከማቹ ሲያከማቹ መላወሻ አጥተዋል። «እሺ ጋሼ» አለች። ቀና ብሎ አያት። ሌባ ቢሆን ዓይኑ በተቅበዘበዘ፤ የእሱ ዓይን ግን አዝኖ ነበር፣ ልክ አባታቸው በሞተ ሰሞን እንዳየችው ዓይነት አዝኖ። ያ ነው ልቧን ይበልጥ ያደፈረሰው። ቢቆጣት ታውቅበት ነበር፣ ሲያዝንላት ግን የት እንደምትገባ ጠፋት።

እሱ ከወጣ ግማሽ ሰዓት ቆይታ ጫማዋን በፌስታል ጠቅልላ ተነሳች። ሉሊት በር ላይ ደረሰችባት።

«ወዴት ነው?»

«እዚሁ ነው፣ እመጣለሁ።»

ሉሊት መከልከል የፈለገች መሰለች፣ ከዚያ ጃንጥላዋን አንስታ ሰጠቻት። «ፀሐዩ ይመታሻል። ደግሞ ቀስ ብለሽ ርገጪ፣ እሺ የኔ እናት?» አለቻትና ጉንጯን ሳመቻት። ሉሊት በዓመት በዓል ካልሆነ የምትስም ሴት አይደለችም። ሾዴ ጃንጥላውን ይዛ፣ የተሳመ ጉንጯን እየዳበሰች፣ በቀስታ እንድትረግጥ የተመከረችበትን መንገድ በጥድፊያ ወረደችው።

አዲሱ ገበያ እንደ እሑዱ ተጨናንቋል። ረዳቶች «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያሉ ይጣራሉ፣ ከእንጦጦ የወረዱ ሴቶች የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው አዝለው በሚኒባሶቹ መሐል ይሽሎኮሎካሉ። ሾዴ ከአንዲት ሴትዮ ሁለት ሎሚ በሠላሳ ብር ገዛች፤ ከሩጫ በኋላ አፏን የሚያጠራላት ሎሚ ብቻ ነው። መንገዱን ሁሉ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ለዋንጫው ሲል ነው የሸጠኝ አለች። ለዋንጫው ከሆነ ሁለተኛው እንቁላል ምንድን ነው? ቀርፋፋ ነሽ ብሎ አፍሮብኝ ነው አለች። አፍሮ ከሆነ በርጩማው ምንድን ነው? አንዱን ሐሳብ ስትይዘው ሌላው ያመልጣታል። ዕድሜ ልኳን ካልሲ ስታጣምር የኖረች ሴት የወንድሟን ሁለት ነገር ማጣመር አቅቷት ሜዳው ደረሰች።

ሜዳው አቧራማ ነው። የመሮጫው መስመር በኖራ ተሠምሯል፣ ነፋሱ ግን ኖራውን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲያግዘው አርፍዷል። ጋሽ ዓምሃ የቡድኑ ሻንጣ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ብድግ አሉ። «ታመመች አለኝ እኮ ሶሬሳ! በእኔ ሥልጠና ነው ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ» አሉ። ጤነኛ መሆኗን ስትነግራቸው በአገጫቸው ወደ ግንቡ ጥግ ጠቆሙ። አንዲት ቀጭን ልጅ የፋብሪካውን ማሊያ ለብሳ፣ የሾዴን አሥራ አራት ቁጥር ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ጉልበቷን እያነሳች ታሟሙቃለች። ሩጫ ሥራዋ መሆኑ ከአረጋገጧ ይታወቃል። ሾዴ ፊት ለፊቷ ሄዳ ቆመች።

«ሾዴ የምትባዪው አንቺ ነሽ?» አለቻት።

ልጅቷ ሳቋን ለቀቀችው። «ኧረ በናትሽ፣ ዝም በይ! ርሆቦት ነው ስሜ። አንቺ ደግሞ ማን...» አለችና የሾዴን ፊት አይታ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ሾዴ ሆድ ወረደ። «ራስሽ ነሽ? በስመአብ! በዚህ ሁኔታሽ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«በምን ሁኔታዬ?»

«እ... ማለቴ፣ ወንድምሽ ነገረኝ እኮ። ነፍሰ ጡር ነሽ። ማን እንዳስረገዘሽም አልተናገርሽም። ደብቃ ልትሮጥ ነው፣ ፅንሱ ይወርድባታል፣ ብትቀር ደግሞ ሰው ለምን ቀረች ይላል፣ ስለዚህ አንቺ ሩጪላት ብሎ ለመነኝ። ዋንጫውም አይቅርብን አለ። እኔ እንደዚህ ዓይነት ነገር በቃ አልወድም፣ ግን ሲያወራ ዕንባው መጣ፣ አሳዘነኝ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሾዴ ጆሮ ስለ ሾዴ የሰማው ከሁሉ መጨረሻ ነው። ቦይ አጠገብ ማስመለሷ፣ ሎሚ መምጠጧ፣ ማታ በአንድ ሰዓት እንቅልፍ ጥሏት መሄዱ፣ ሰፊ ቱታ መልበሷ፣ ጎህ ሳይቀድ ከቤት መውጣቷ፤ ሁሉም ተራ በተራ ፊቷ ላይ መጥቶ ተደረደረ። እሷ ሰዓቷን ስታሻሽል እነሱ ወሯን ሲቆጥሩላት ኖረዋል። መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ከሳቁ ኋላ ንዴቱ ደረሰ፤ አንድ ቀን፣ አንዲት ቃል እንኳ ቢጠይቋት ምን ነበረበት? ከንዴቱ ኋላ ደግሞ ያላሰበችው ነገር መጣ። አምስት ኪሎ ገብስ። አባቱ የማይታወቅ፣ ሰፈር የሚስቅበት፣ እንዲያውም የሌለ ልጅ፣ አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣቸው ተቀብለው ገንፎውን ሊያዘጋጁለት ነበር። እንደዚህ ተዋርዳም እንደዚህ ተወዳም አታውቅም፤ የትኛውን ቀድማ እንደምታለቅስ አልታወቃትም።

ሶሬሳን ፍለጋ ሄደች። ከዳኞቹ ጠረጴዛ አጠገብ ነበር፣ ሲያያት ደነገጠና ክንዷን ይዞ ወደ ዳር ወሰዳት። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለች። «ቤት ግቢ፣ በኋላ እናወራለን» አለ። ሰው መሐል መሆናቸው አስጨንቆት ላቡ ይወርድ ነበር። በእነሱ ቤት በኋላ እናወራለን ማለት አናወራም ማለት ነው። ጥሏት ሄደ። ሾዴ ወደ ጋሽ ዓምሃ ተመለሰች።

«ሰምሀልስ የታለች?»

«ትናንት ሠርግ ላይ በተረከዘ ረጅም ጫማ ስትጨፍር ቁርጭምጭሚቷን ገደለችው። ቁጥሯም መታወቂያዋም ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ነው።»

እጇን ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው እጇንም ፊቷንም አዩ። «በሰው ስም?» አሉ። «በስሜ ሌላ ሰው ሊሮጥበት ነው ጋሽ ዓምሃ። በየትኛው ልሩጥ ታዲያ?» አለቻቸው። ቁጥሩንና መታወቂያውን ከኪሳቸው አውጥተው ሻንጣው ላይ አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው «እኔ ዘበኛ ነኝ፣ የማየው በር ብቻ ነው» አሉ። ዳኛው ፎቶውን አየ፤ ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አጣፍታ ስለነበር የማንም እህት ልትሆን ትችላለች። «ሰምሀል?» አለ። ስሟን ልታስመልስ የመጣችው ሾዴ «አቤት» አለችው።

ስምንት ሴቶች ተሰለፉ። ርሆቦት ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ሾዴ ስድስተኛው ላይ። «በየቦታችሁ! ተዘጋጁ!» ተባለ፣ ሁለት ጣውላ ተጋጨ፣ ወጡ። መቶው ሜትር ላይ የሾዴ ሰውነት እንደ ልማዱ ሊሸሽግ ሲል አልፈቀደችለትም፣ ያላትን ሁሉ አውጥታ በተነችው። ሁለት መቶው ላይ ርሆቦት በውስጥ በኩል እንደ ነፋስ አለፈቻት፤ ሾዴ የራሷን ቁጥር ከኋላው፣ ከልጅቷ ጀርባ ላይ አየችው። ሁለት መቶ ሃምሳው ላይ ህመሙ ቆሞ ይጠብቃታል። ዛሬ ግን ብቻውን አልነበረም፣ ሶሬሳም እዚያው ቆሟል። አያት። መጀመሪያ አላመነም፣ ከዚያ ባርኔጣውን ጥሎ በሣሩ ላይ አብሯት መሮጥ ጀመረ። «ሾዴ! በእግዚአብሔር ቁሚ! ሾዴ! ሾዴ!» ይጮኻል። ተመልካቹ ሰብሳቢው ሾዴ ተብላ የተመዘገበችውን፣ ከፊት የምትመራውን ልጅ እያበረታታ መሰለውና ተቀበለው፤ ሜዳው በአንድ አፍ «ሾዴ! ሾዴ!» አለ። ጭኗ ከበደ፣ ጥርሷ ደነዘዘ። ሜዳው ሙሉ ስሟን እየጠራ ሌላ ሰው ያደንቃል፣ ስሟን አውቆ የሚጠራት አንድ ሰው ደግሞ ቁሚ ይላታል። የቱን መስማት እንዳለባት ስላላወቀች ሁለቱንም ተወችና ትከሻዋን ጣለች። መንጋጋዋን ለቀቀች። ክንዷን ወደ ኋላ መታች። ህመሙ አልሄደም፣ እሷም አልቆመችም፤ ጎን ለጎን ሮጡ። አንዷን አለፈች፣ መጨረሻው ላይ ሌላዋን በደረት ቀደመችና ሦስተኛ ሆና ገባች፣ ከዚያ በጉልበቷ ወድቃ የጠዋት እንቁላሎቿን ሁለቱንም አቧራው ላይ አወጣቻቸው።

ሶሬሳ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እፍረቱን ረሳው፣ ሰውን ረሳው። «ሐኪም! ኧረ ሐኪም! ነፍሰ ጡር ናት!» አለ በሜዳው ሙሉ።

ነጭ ጋውን የለበሰችው ነርስ ሳጥኗን ይዛ ሮጣ መጣችና ቆም አለች። «የትኛዋ?» አለች።

ሶሬሳ ዞር ብሎ አየ። ርሆቦት ጉልበቷን ይዛ ታስመልሳለች። የቆርኪ ፋብሪካዋ ሁለተኛ የወጣችው ሴት አጥሩን ይዛ ታስመልሳለች። አራተኛዋ ተንጋልላ እናቷን ትጣራለች፤ አምስተኛዋ፣ ሃምሳ ሊሞላት የተቃረበች ሴትዮ፣ ማሊያዋን አፏ ላይ አድርጋ ታቃስታለች። ሶሬሳ ከአንዷ ወደ አንዷ እያየ ዓይኑ ተንከራተተ። ጋሽ ዓምሃ እያነከሱ ደረሱ። «ሁሉም ናቸው በላት፣ ሶሬሳ» አሉት። «ይኼ አራት መቶ ሜትር ነው። የኔም ሚስት ሳታገባኝ በፊት እርጉዝ መስያት ነበር።» ነርሷ ስቃ ሄደች። ሶሬሳ ግን አልሳቀም፣ እህቱ አጠገብ አቧራው ላይ ቁጢጥ አለ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«ምን ብለህ ጠየቅኸኝ?» አለችው።

ድምፅ ማጉያው ውጤት ማንበብ ጀመረ፤ አንደኛ ሾዴ፣ ከካልሲ ፋብሪካ፣ ሃምሳ ዘጠኝ ሴኮንድ። ጭብጨባው ሲበርድ፣ ሦስተኛ ሰምሀል፣ ከካልሲ ፋብሪካ፣ አንድ ደቂቃ ከአራት ሴኮንድ። አንድ ከአራት! ሾዴ ሎሚዋን በጥርሷ እንደያዘች አፏ ተከፈተ። ያቺ አራት ወር ያሳደደቻት ቁጥር በሌላ ሰው ስም ተነበበች። ደስታው ደረቷ ውስጥ ገብቶ መቀመጫ ፈለገ፣ አጣ።

ለምስክር ወረቀት ጠሯቸው። ጸሐፊው በእጁ ነው የሚጽፈው፣ ስም ከነአባት እየጠየቀ። ርሆቦት ያጠናችውን «ሾዴ ጉታ» ስትል፣ ሾዴ የአባቷን ስም ከማታውቃት ልጅ አፍ ሰማችው። አባቷ ሲሞት አሥር ዓመቷ ነበር፣ ከእሱ የቀራት ያ ስም ብቻ ነው። ልጅቷም እንደነገሩ ብላ፣ ዓይኗን ሰብራ ነው ያለችው። ተራው ወደ ሾዴ መጣ።

«ሰምሀል፣ የአባት ስም?»

ሾዴ አብራት ሦስት ዓመት ሠርታለች፣ የሰምሀልን አባት ግን አታውቀውም፤ መታወቂያውንም ሳታነበው ለዳኛው ሰጥታዋለች። አንድ የምታውቀው የአባት ስም ነበራት፣ እሱ ደግሞ ተወስዷል። ጸሐፊው ብዕሩን እንዳነሳ ይጠብቃል። ዋንጫው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ዳኞቹ ነጥቡን ደምረው ጨርሰዋል፣ በአንድ ነጥብ ለካልሲዎቹ ነው። ከኋላዋ የሶሬሳን ትንፋሽ ሰማች።

«የአባትሽን ስም ነው የጠየቅኩሽ እህቴ፣ የማይታወቅ ነው እንዴ?» አለ ጸሐፊው።

«ይታወቃል» አለ ሶሬሳ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም፣ አንገቱንም። «ጉታ ነው። ሾዴ ጉታ ናት። እህቴ ናት።»

«ሾዴ ጉታማ አንደኛዋ አይደለችም?»

«አይደለችም። እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

ዳኞቹ ተያዩ። ርሆቦት የማን እንደሆነች ጠያቂ ሳይመጣ ቁጥሩን ከደረቷ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና በሕዝቡ መሐል ሹልክ ብላ ጠፋች። ጸሐፊው በቀይ ብዕር አንደኛውንም ሦስተኛውንም ስም ሰረዘ፤ ዋንጫው ለአራተኛ ዓመት ወደ ቆርኪ ፋብሪካው ሄደ። ከካልሲዎቹ ሠራተኞች አንዳንዱ ሶሬሳን አልፎት ሲሄድ አጉረመረመ፣ አንዱም ምራቁን ተፋ። ነገ ፋብሪካ ምን እንደሚጠብቀው እሱም አያውቅም። እህትና ወንድም ሜዳው ዳር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልትቆጣው አሰበች፣ ልታመሰግነውም አሰበች፣ ሁለቱም አልወጣ አሏት።

«ያማል እንዴ፣ ሩጫው?» አላት ሶሬሳ።

ስታስበው፣ አንድ ነገር ሲጠይቃት ይኼ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ማስታወስ አልቻለችም። «ያማል» አለችው። ቀጥላም «አንድ ከአራት ነበር የገባሁት። ተሰረዘ» አለች።

«እኔ ሰምቻለሁ» አላት።